ለታቦት የሚቆም ባቡር

አዲስ አበባ ባቡር ገባ ከተባለ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሄድ። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም፣ እንዲያው ለመሄድ ያህል። ደብረ ማርቆስ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታ ያለው ነገር ሁሉ ይስበኛል። የሁለቱን መስመር ፌርማታዎች እንደ ዳዊት በቃሌ እደግማቸዋለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ተሳፍረውበት ያውቃሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን «አንተ ደግሞ፣ ዝም ብለህ ጻፍ!» ነበር መልሴ።

ዘንድሮ በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ገባሁና አንዱን ቀን ለባቡሩ ብቻ ለየሁት። ብቻዬን ግን አልነበርኩም፤ አባቴ አብረውኝ ነበሩ። እኔና ወንድሜ እሳቸውን ያመጣናቸው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው።

አባቴ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ከአምበር ወዲያ ነው፤ ከሚኒባስ ወርዶ ደህና አድርጎ በእግር መሄድ ይጠይቃል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ በየቅዳሜው ከማርቆስ እየሄድኩ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ለሳምንት የሚበቃቸውን አሰናዳለሁ፣ እሑድ እመለሳለሁ። ባለፈው ክረምት፣ እንደነገሩኝ ምንጭ ሲወርዱ፣ ጭቃው አዳልጧቸው ከጉብታ ላይ ወደቁ። ከብት ሲነዳ የሚያልፍ ጎረቤት ባያገኛቸው ኖሮ እዚያው በዝናብ ውስጥ እስኪጨልም ይቀሩ ነበር። ወገባቸው እስከ ጥቅምት አልሻረም።

ያኔ ነው ከወንድሜ ጋር በስልክ የተማከርነው። ወንድሜ አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ደርሶታል፤ ከባቡሩ መጨረሻ ብዙም አይርቅም። አባዬ ከእሱ ጋር ይኑሩ አልን። ተስማማን፣ ጨረስን፣ የአልጋውን ቦታ ሳይቀር ወሰንን። የቀረን አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ለባለቤቱ፣ ለራሳቸው ለአባዬ መንገር።

«ለጥየቃ» ብለን ነው ያመጣናቸው። በቅሏቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ «ሳልቆይ እመለሳለሁ» ብለው መጡ። ወንድሜ ጠዋት ወደ ሥራው ሲወጣ በሩ ላይ ጎትቶ «ዛሬ ባቡሩን አሳዪያቸው። ደስ ሲላቸው ያን ነገር ጣል አድርጊባቸው» አለኝ። ተንኮለኛ ነው፤ እኔም አላነስኩም። እንዲቀሩ ፈልጌ ነበር። ስለወገባቸው ብቻ አልነበረም፤ ደክሞኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ተኝቼ ካረፈድኩ ስንት ጊዜዬ!

አያት ጣቢያ ትኬት ቆርጠን ተሳፈርን። አባዬ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ገና እግራቸው እንደገባ «እንዴት አደራችሁ!» አሉ፤ ለባቡሩ ሰው ሁሉ። ሰዉ ከስልኩ ቀና አለ። አንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን አባት» አለ፣ አንድ ወጣት ተነስቶ አስቀመጣቸው። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አባዬ ሁለት እጃቸውን ዱላቸው ላይ ደርበው ትንሽ አዳመጡትና ፊታቸው በራ።

«አይንጥም እኮ! ሰጋር በቅሎ በይው!» አሉ።

እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በመልሱ ደግሞ ወደ ቃሊቲ ብዬ ልቤ ውስጥ ካርታውን ዘርግቼዋለሁ። ብዙም ሳንሄድ ግን አባዬ በመስኮቱ ጉልላት አዩ።

«ይሄ የማን ነው?»

«ሚካኤል ነው አባዬ፤ የወንድሜ አጥቢያ።»

ብድግ አሉ። «ልውረድ።»

በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል። ተሳልሞ፣ ደጁን በእግሩ አልፎ፣ ከዚያ ነው መልሶ የሚቀመጠው። ዛሬ ወጣቱ ነገሩን ትቶታል፤ አባቴ ግን ዝናብ ቢሆን፣ ቢታመሙ፣ ሠርግ ቢጠብቃቸው፣ በታቦት ደጅ ተቀምጠው አልፈው አያውቁም። ባቡር ላይ ይሄ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ! «አባዬ፣ ይሄ እኮ በቅሎ አይደለም» ልል አፌን ስከፍት ባቡሩ ቆመ፣ በሩም ተከፈተ።

«አየሽ! ቆመ። ያውቃል» አሉኝ።

«አባዬ፣ ፌርማታ እኮ ነው። ለሰው ነው የሚቆመው።»

«የፌርማታው ስም ማን ነው?»

«…ቅዱስ ሚካኤል።»

«እንግዲያማ! የእኔይቱ በቅሎም ማንም ሳይነግራት ነው የምትቆመው» ብለው ወረዱ። ተከትዬ ወረድኩ።

ተሳልመን፣ ተመልሰን፣ ሌላ ትኬት ቆርጠን፣ ሌላ ባቡር ጠበቅን። የጠበቅነውን ያህል ጠበቅን። ከዚያ በኋላ አባዬ ነገሩ ስለገባቸው በቆመ ቁጥር ይጠይቁኝ ጀመር፤ «እዚህስ ለማን ነው የቆመው?» መገናኛን አለፍን፤ ቀጥሎ ያለው በሆቴል ስም የሚጠራ ፌርማታ ነው።

«ይሄ ለሆቴል ነው አባዬ» አልኳቸው።

«ለሆቴል?» ብለው አማተቡ። «ሆቴልንም ይሳለሙታል እንዴ እናንተ አገር?»

አጠገባችን የቆመች ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። «አባቴ፣ አንዳንዱማ ከቤተ ክርስቲያኑ አብልጦ ይሳለመዋል!» አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ አባዬም ሳቁ፣ እኔ ብቻ ሰዓቴን አየሁ። ኡራኤል ስንደርስ ያቺው ሴትዮ «እንግዲህ አባት ካሉስ» ብላ አብራን ወርዳ ተሳልማ፣ መርቀዋት መንገዷን ሄደች። አባዬ ጠበል ጠጡ፣ አንዱን ዲያቆን ይዘው ስለ ደብሩ ጠየቁት፣ ከየት እንደመጣም ጠየቁት። የአገራችን፣ የደብረ ወርቅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያማ ወሬው በምን ይለቅ! ባቡር ሲያልፍ ከደጅ ይሰማኛል፤ እኔ የጠበቅኩት ባቡር።

እስጢፋኖስ ላይ ትዕግሥቴ ማለቅ ጀመረ። «አባዬ፣ ከመቀመጫዎ ሆነው ቢሳለሙስ? ታቦቱ እንደሆነ ያያል» አልኩ።

«ማየቱንማ ያያል። አንድ ሽማግሌ ተጎልቶ ሲያልፍ ያያል» ብለውኝ ወረዱ።

ከዚያ ወዲያ ሃዲዱ ድልድይ ላይ ይወጣል። መንገዱ፣ መኪናው፣ የቤቱ ክዳን ሁሉ ከበታች ሆነ። እኔ እንደ ልጅ መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት! ከተማው እንደ ካርታ ተዘርግቶልኛል። ዞር ስል አባዬ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበዋል።

«ምነው? አዞረዎት?»

«ከጉልላት በላይ ሊያሳልፉን ነው እንዴ?» አሉ በጭንቀት። «ይሄስ ደግ አይደለም፤ አውርጂኝ ልጄ።»

ልደታ አወረድኳቸው። ተሳልመን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አረፍን። ፀሐዩ ወደ ማዘቅዘቁ ነው፤ እኔ ገና አንዱን መስመር እንኳ አልጨረስኩ። ቃሊቲማ ቀረ፣ አበቃለት። እርቦኛል፣ እግሬን አሞኛል። ንዴቴ ግንፍል አለ።

«እንዲህ ከሆነማ ከተማ ላይ እንዴት ሊኖሩ ነው አባዬ!»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። አባዬ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ልኖር ነው እንዴ?»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አሉ» አሉና ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ከወንድሜ ጋር መማከራችንን፣ አልጋውን፣ ከወደቁ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ እንደሚል። ቅዳሜውንም ነገርኳቸው።

«ቅዳሜ ስትመጪ ደስ የሚልሽ ነበር የሚመስለኝ» አሉ።

«ደስ ይለኛል። ይደክመኛልም።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ምእመናን ይገባሉ፣ ይወጣሉ። እኔን ሳያዩ፣ «ያን ለት የወደቅኩት ምንጭ ስወርድ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አሉ። «ቅዳሜ ነበር። ዝናብ ጣለና አንቺ ዘገየሽ። ላይሽ ከጉብታው ወጥቼ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ደስ ይለኛል፤ እስክትደርሺ ግን ነፍሴ ከእኔ ጋር አትሆንም።»

አንድ ሙሉ ክረምት ለወገባቸው ቅባት ሳሽ ከርሜ አንድ ቀን እንኳ ይሄን ትንፍሽ አላሉም።

ቀጥለው «መጨረሻው ሩቅ ነው?» አሉኝ።

«የምኑ?»

«የባቡርሽ ነዋ።»

«ቅርብ ነው።»

«ሂጂ ጨርሺው። ከልጅነትሽም የጀመርሽውን ካልጨረስሽ እንቅልፍ የለሽም። እኔ እዚህ ልቀመጥ።»

አይሆንም ብል አልሰማ አሉኝ። ሄድኩ። ጦር ኃይሎች ሃዲዱ ያልቃል፤ ሰዉ ይወርዳል፣ ባቡሩ ሰው ጭኖ በመጣበት ይመለሳል። ይኸው ነው። ያን ሁሉ ዘመን የተመኘሁትን ጫፍ ቆሜ አየሁትና ዓይኔ ወደ መጣሁበት ዞረ። ትቻቸው የመጣሁት ሽማግሌ ከተማውን አያውቁም፣ ስልክ አልያዙም። ስመለስ ባቡሩ አልሄድ አለኝ።

እዚያው ዛፍ ሥር ነበሩ። ሲያዩኝ «ጨረስሽው?» አሉ። «ጨረስኩት» አልኩ። «እሰይ» ብለው ተነሱ።

ስንመለስ ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እንደምንም መቀመጫ አገኘሁላቸው። ጠዋት ተሳልመናቸዋልና እስጢፋኖስም ኡራኤልም ላይ አልወረዱም። ብድግ ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቆመው አለፏቸው። በተነሱ ቁጥር አንዱ ሊቀመጥባቸው ይመጣል፣ እኔ በክርኔ እከላከላለሁ። ሚካኤል ስንደርስ ግን አልተነሱም። ያላዩት መሰለኝ።

«አባዬ፣ ሚካኤል።»

«አየሁት።»

«ምነው? ደከመዎት እንዴ?»

«መነሳትም መውረድም ለመንገደኛ ነው» አሉ። «ይሄ የወንድምሽ አጥቢያ አይደለም? እንግዲህ የእኔም ነው። ነገ ማልጄ በእግሬ እመጣለሁ።»

በሩ ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ ተዘጋ። አባዬ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቁጭ እንዳሉ ቀሩ።

የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር። ለዚህ ነው ተንኮል የሠራነው። እሰይ ማለት ሲገባኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን አዘራሁት። ሰው ምን ይለኛል አላልኩም። አባዬ እጄን ያዙና፣ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው እስኪሰማ ድረስ፣ «ዝም በይ። ቅዳሜ ተኚ» አሉኝ።

እርሻቸውን ለእኩል አራሽ ሰጡ። በቅሎዋን ለንስሐ አባታቸው ስጪልኝ አሉ፤ ቄሱ እግራቸውን ታመው ቤተ ክርስቲያን መመላለስ አቅቷቸዋል። አደራውን ለማድረስ ማርቆስ በተመለስኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድኩ። መቼም ቅዳሜ ነው፤ አልተኛሁም።

በቅሎዋን ከጎረቤት ተቀበልኩ። የቄሱ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ ነው፤ ደክሞኝ ስለነበር ተቀመጥኩባት። በቅሎ ላይ ከተቀመጥኩ ዘመን የለውም። ስግሯ እውነትም እንደ ባቡሩ ነው፣ አይንጥም። ስለ ሰኞው ክፍለ ጊዜ እያሰብኩ ስሄድ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ቼ!» አልኳት። ወይ ፍንክች። ጎኗን በተረከዜ ነካሁት። ጆሮዋን አቁማ ፊት ለፊት ታያለች። «ቼ! ምን ሆነሻል?» ብዬ ቀና ስል የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነን። አባዬ ሁልጊዜ የሚወርዱበት ቦታ ነው፤ መሬቱ ተረግጦ ተረግጦ ጎድጉዷል። እስኪወርዱላት እየጠበቀች ነበር።

ወረድኩ። በሩን ተሳለምኩ። መልሼ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም፤ የቀረውን መንገድ ልጓሟን ይዤ በእግሬ አደረስኳት።