የጋሼ ደምሴ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ ሁለት የጽዋ ማኅበር ሽማግሌዎች ጅቡቲ ካርቲየ 1 ሰፈር ካለው ቤቴ ደጃፍ ቆሙ። ግቡ ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። በረዶ የገባበት ውሃ አቀረብኩላቸው፤ አልነኩትም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌ ቆሞ ውሃ እንቢ ካለ የመጣው ለዕርቅ ነው፤ እሺ እስኪባል ድረስም አይቀመጥም።

«ደምሴ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው» አሉኝ መምሬ ኪዳኔ፣ አንደኛው ሽማግሌ። «አርጅቷል ልጄ። ካንቺ ጋር ሳይታረቅ መሄድ አልፈለገም።»

«ላስብበት» ብዬ ሸኘኋቸው። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እየጠላ፣ ንዴቴ ግን እንደ ትናንት ነው። ሰው ሲያረጅ ይበርዳል የሚሉት ምን ዓይነቱን ሰው እንደሆነ አላውቅም።

ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። የተማርኩት ታሪክ ነው። አባቴ በግ አርዶ አስመረቀኝና ሥራ ፍለጋ ጀመርኩ። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጋዜጣ እየተከራየን የሥራ ማስታወቂያ እናነብ ነበር። አካውንቲንግ ይፈለጋል፣ ማኔጅመንት ይፈለጋል፣ ጸሐፊ ይፈለጋል። ታሪክ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ግን አልተገኘም። ከመመላለሴ ብዛት ዘበኞቹ ለምደውኝ ገና ከሩቅ «ዛሬም የለም እህቴ» ይሉኝ ጀመር። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ባዩኝ ቁጥር «እስካሁን ሥራ አልያዝሽም?» ይላሉ፣ ሥራ እንደ ጉንፋን መንገድ ላይ የሚያዝ ይመስል።

የአባቴ እህት እትዬ አስካለ ጅቡቲ ነበረች። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆኖ ወርዶ ስለነበር እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ቀርታለች። ካርቲየ 1 ውስጥ ጨርቅና ክር የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። የአሰብ መንገድ ተዘግቶ የአገሩ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ መግባት የጀመረበት ሰሞን ነውና የትራንዚት ቢሮ በየጥጉ ተከፍቷል። «ነይ፤ እዚህ አማርኛም እንግሊዝኛም አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ተፈልጎ ጠፍቷል» ብላ ላከችብኝ። ከድሬዳዋ በባቡር ወረድኩ። ጣቢያው ላይ ስወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊቴ ላይ ተለጠፈ፤ ደስታዬ ግን እሱንም አስረሳኝ።

አክስቴ ማኅበርተኛ ነበረች። የጽዋ ማኅበሩን ካቋቋሙት ሴቶች አንዷ እናቷ፣ ማለት አያቴ ናት። በየወሩ በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጽዋ ይጠጣል፣ የተቸገረ ይረዳል። ከማኅበርተኞቹ ሁሉ የሚፈራው ጋሼ ደምሴ ነበር፤ የትራንዚት ቢሮ ኃላፊ፣ ሆዳን በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት የገባ፣ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልለት ሰው። እኔ በመጣሁበት ወር ተረኛዋ አክስቴ ነበረችና፣ ጋሼ ደምሴ ከጽዋው ፊት ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይቺ ልጅ የኔ ናት። ሥራዋ እኔ ዘንድ ነው» አለ። አክስቴ ጉልበቱን ልትስም ዝቅ አለች። ምን ሥራ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በጽዋ ፊት የተሰጠ ቃል እንደ መሐላ ነው፤ ዝርዝሩን መጠየቅ ሰውየውን መጠራጠር፣ ጽዋውንም መድፈር ይሆናል። ሌላ ሰው ቢሆን ውል ይዋዋል ነበር። እኛ እልል ብለን ተለያየን።

«የቢሮው ቦታ እስኪለቀቅ ልጆቼን አማርኛ አስተምሪልኝ፤ እዚያው ቤት ትሆኛለሽ» አለኝ። ልብሴን ሰብስቤ ሆዳን ሄድኩ። መጀመሪያ ሰሞን በእርግጥም አስተማርኩ። ከዚያ ሚስቱ «ሠራተኛዋ ሄዳብኝ ነው፤ ሌላ እስክትመጣ ሳህኑን እንኳ» አለች። ከሳህኑ ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ልብሱ፣ ከልብሱ ወደ ምድጃው ተሻገርኩ። ሌላ ሠራተኛ አልመጣችም። የፊተኛዋ የተሰናበተችው እኔ ስለመጣሁ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሳህን ማጠብ አያዋርድም። በዚህ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥረው ወንድም እህት ያስተማሩ የአገሬ ሴቶች ሞልተዋል፤ አንገቴን ደፍቼ ነው የማከብራቸው። ግን እነሱ ለምን እንደሚገቡ አውቀው፣ ደመወዛቸውን ተነጋግረው ነው የሚገቡት። እኔ ተታልዬ ገባሁ። ይባስ ብሎ ጋሼ ደምሴ ለምሳ ሲመጣ ለአዲስ አበባ የሚላከውን የቢሮውን ደብዳቤ ይዞልኝ ይመጣል። እጄን በቀሚሴ አድርቄ እጽፋለሁ፤ እሱ ይፈርማል። ያን የተመኘሁትን ሥራ ጓዳ ሆኜ እሠራው ነበር። የቢሮውን ወንበር የሚስቱ ወንድም ተቀምጦበታል።

እኩለ ቀን ላይ ጫት ሲገባ ከተማው ሥራ ያቆማል። የጋሼ ደምሴ እንግዶች ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ይቅማሉ፤ እኔ ሻይና ቀዝቃዛ ውሃ አመላልሳለሁ። አንድ ቀን ከእንግዶቹ አንዱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አዲሷ ቦዬስ ናት?» አለው። እዚህ የቤት ሠራተኛን እንዲህ ነው የሚሏት።

«ቦዬስ ብቻ መሰለችህ?» አለ ጋሼ ደምሴ፣ ጉንጩ በጫት እንደተወጠረ። «ባለ ዲግሪ ናት! ታሪክ ጨርሳ የመጣች። እንዲህ ያለች ሻይ ቀጂ እስቲ የማን ቤት አለች?»

ሳቁ። እሱም ሳቀ። እንደ አዲስ የእጅ ሰዓት ለእንግዳ እያሳየኝ ነበር። ለአክስቴ ሄጄ ስነግራት «ታገሺ ወይኒ፤ በጽዋ ፊት የተናገረ ሰው ቃሉን አያጥፍም» አለችኝ። ከልቧ ነበር የምታምነው።

ቀጥሎ የማኅበሩ ተራ የጋሼ ደምሴ ሆነ። ሳሎኑ በነጭ ልብስ ሞላ። መምሬ ኪዳኔ፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ቄስ ነበሩ፣ ዳቦውን ሳይባርኩ በፊት እንደ ደንቡ ጠየቁ፦ «በመካከላችሁ የተጣላ፣ ቂም የያዘ አለ?» ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ «የለም አባታችን» ነው የሚባለው። እኔ የዳቦውን መሶብ ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አለ» አልኩ። «እኔ አለሁ።»

ወደ ጋሼ ደምሴ ዞርኩ። «ጋሼ ደምሴ፣ ሠራተኛ ከፈለጉ ሠራተኛ እፈልጋለሁ ይሉኝ ነበር። ለምን ቢሮ አሉኝ? ለምን በጽዋ ፊት ቃል ገቡ?»

አልተቆጣም። ፈገግ አለ። «ልጄ፣ ሥራ ክቡር ነው። አገራችንን የጣላት ወረቀት ይዞ ሥራ የሚንቅ ሰው ነው።»

«እውነት ነው፣ ሥራ ክቡር ነው» አሉ ከወዲያ ከወዲህ። መምሬም «በይ ልጄ፣ ጉልበቱን ሳሚና ይቅር በለኝ በይ፤ ጽዋው እንዳይታጎል» አሉኝ። እኔ! እኔ ይቅርታ ልጠይቅ!

አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች። መሶቡን ከእጄ ተቀብላ ጋሼ ደምሴ እግር ሥር አስቀመጠችው። «ቂም የያዘ ጽዋ አይጠጣም አይደል? እኔም ይዣለሁ» አለች፤ እጄን ይዛ አወጣችኝ። በዚያ ፀሐይ ራስ ዲካ የሚባለው ቦታ ድረስ ወሰደችኝ፤ ከየመን ሰዎች ምግብ ቤት ዓሣና ትኩስ ዳቦ ገዝታ ባሕሩ ዳር ተቀመጥን። አልበላችም። «ቃሉን አምኜ ነው ልጄ» ብላ አለቀሰች።

እናቷ ያቋቋመችው ማኅበር ውስጥ ዳግመኛ አልገባችም። ማንም ተመለሺ ብሎ ሽማግሌ አልላከባትም። ወሩ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አጥባ ትሰቅላለች፣ ከዚያ ሱቋ ውስጥ ትቀመጣለች። እንዲህ እንዳለች ሞተች። እኔ እዚያው ሱቅ ጥግ ጠረጴዛ አኑሬ የመጣውን ሁሉ እየተረጎምኩ መጻፍ ጀመርኩ፤ ይኸው ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አሁንም ቆሙ፤ አሁንም ውሃ አቀረብኩ።

«ለመሆኑ ምን በደልኳት ይላል?» አልኳቸው።

መምሬ ከጓደኛቸው ጋር ተያይተው፣ «የቢሮ ሥራ ስላልሰጠኋት ተቀይማ ይሆናል ይላል» አሉ።

ይህን ሁሉ ዘመን አልገባውም። ያን ቀን ሥራ ክቡር ነው ሲሉኝ የነበሩት ሁሉ ሳህናቸውን ሌላ ሰው የሚያጥብላቸው ነበሩ። እስከዛሬም ያን ቃል ከሚሠራው ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ የሚናገረው የሚሠራለት ነው።

«መምሬ፣ ሥራ ክቡር ነው ብላችሁኝ ነበር» አልኳቸው። «ይቅርታ መጠየቅም ሥራ ነው። በሰው አይሠራም። እሱ ራሱ ማኅበሩ ፊት ይቁምና ይሥራው፤ የአክስቴን ስም ጠርቶ።»

«ልጄ፣ እሱ እኮ ሽማግሌ ነው» አሉኝ።

«እሷም አሮጊት ሆና ነው የሞተችው።»

ሽማግሌዎቹ ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ውሃውን እኔ ጠጣሁት።