በእኔ ብዕር ዘበኛ የሆነው ገበሬ

ሰበታን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ በራሴ ጥረት ፊደል ቆጥሬ፣ በሁለት ቋንቋ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ጠዋት አስፋልቱ ዳር ቆሜ ጫማውን ብቻ አይቼ ማን ጨርቅ ፋብሪካ፣ ማን አበባ እርሻ፣ ማን ግንባታ እንደሚሄድ እለያለሁ።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ የነዋሪውን መተዳደሪያ የሚመዘግብ ሰው ፈልጎ ሲጠራኝ አልገረመኝም። ሹሙ የመጀመሪያ የሥራ ማመልከቻውን እኔ የጻፍኩለት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የሠራተኛ ከተማ መሆናችን በወረቀት ከታየ የሙያ ትምህርት ቤት ይሠራልናል» አለኝ ፈገግ ብሎ። አመንኩት።

ቤት ለቤት ዞርኩ። ከደቡብ መጥተው አንድ ክፍል ለአራት የተከራዩትን የፋብሪካ ሠራተኞች ጻፍኩ፤ ነጋዴውን፣ ባለባጃጁን ጻፍኩ። በመጨረሻ ከአጥሬ ጀርባ ጤፍ የሚያርሰው ጎረቤቴ ዘንድ ደረስኩ። እሱ እርሻው ጋብ ሲል ፋብሪካ በር ላይ ጥበቃ ይሠራል።

«ኦቦ፣ ሥራህን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሠላሳ ዓመት በአጥር ተያይተን ትጠይቀኛለህ? የምታውቀውን ጻፍ» አለኝ፣ እርፉን ሳይለቅ።

የወር ደመወዝተኛ ገበሬ አይባልም ብዬ «ዘበኛ» ብዬ ጻፍኩ። የከተማችን ሠራተኛ በአንድ ሰው በመጨመሩ ኮራሁ።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ወሬ መጣ። የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ተኩስ ሰማን፣ ለቅሶ ተቀመጥን። ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። ነገሩ በረድ ሲል ግን ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው የጎረቤቴን ማሳ ለመጋዘን ለኩት። ምትክ መሬት የሚሰጠው ለአርሶ አደር ብቻ ነበር። እሱን «አንተ ዘበኛ ነህ» ብለው መለሱት።

ከዘራዬን ይዤ ሹሙ ቢሮ ገባሁ።

«ጋሼ፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ» አለና መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። «እንዲህ ያለ ቁልጭ ያለ ጽሑፍ እንዴት ይሰረዛል?»

«የሙያ ትምህርት ቤቱስ?»

«እሱ እንኳ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።»

እንደ መጀመሪያው ቀን ፈገግ ብሎ ነበር። መዝገቡ ለምን እንደተፈለገ ከመጀመሪያውም ያውቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ፣ ሰውን በጫማው የምለየው፣ ያን ፈገግታ ሳልለየው ቀረሁ።

ቤቴ ገብቼ ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን ሳልደብቅ፣ በሁለቱም ቋንቋ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ አልጻፍኩም። ለጎረቤቴ ይዤለት ስሄድ በሬዎቹን ውኃ እያጠጣ ነበር። ወረቀቱን አልተቀበለኝም።

«ኮምፒውተር ቤት አጽፌያለሁ» አለና ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ።

ቀን የለው፣ ለማን እንደተጻፈ አይታወቅ፤ ሁለት መስመር ብቻ። «እኔ ገበሬ ነኝ። አባቴም ገበሬ ነበር።»

«ትንሽ ላስተካክልልህ» አልኩት።

«ተወው» አለኝና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «አንተ ከእንግዲህ እኔን አትጻፍ።»