ለአበልጅ የሚወሰድ ባልዲ

ሳቢና ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አርባውን ያሳለፈችው በማኒላ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ውስጥ ነው። ሥራዋ ታሆንግ የሚሉትን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ማርባት ነው፤ ቀርከሃ ከባሕሩ ወለል ላይ ትተክላለች፣ ታሆንጉ አረንጓዴ ዛጎሉን ለብሶ እላዩ ላይ ተጣብቆ ያድጋል፣ ሲደርስ ጠልቃ ትለቅማለች። «ባሌን በሁለት ዓመት ለመድኩት፤ ባሕሩን ግን ገና እየለመድኩት ነው» ትላለች።

ከንቲባ ባልታሳር አበልጇ ነው። ልጇን ሌኦኖርን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። እርግጥ በምርጫ ዓመት ተወልዶ ከንቲባው ክርስትና ያላነሳው ልጅ በከተማው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ቢሆንም አበልጅ አበልጅ ነው። ሳቢና በየዓመቱ በከተማዋ ቅዱስ በዓል ቀን አንድ ባልዲ ታሆንግ በዝንጅብል ቀቅላ ቤቱ ትወስድለታለች። ሃያ ስድስት ዓመት አንድም ጊዜ አልቀረችም።

ባሕሩ መሽተት ከጀመረ ግን ሦስት ዓመት ሆኖታል። ከየት እንደመጣም ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። የማዘጋጃ ቤቱ ቄራ ደሙንና ፈርሱን በቱቦ ቀጥታ ወደ ባሕሩ ይለቃል። አምና ታሆንግ ቀቅለው የበሉት እንኳ በተቅማጥ አልጋ ላይ ወደቁ። ታዲያ ከንቲባው ምን አደረገ? ከቄራችን የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው፣ ባሕሩን ያቆሸሸው የአርቢዎቹ ቀርከሃ ነውና እስከ ሰኞ ይነቀል ብሎ በሬዲዮ አስነገረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! ቀርከሃው ከተነቀለ ሳቢና የምትበላው የላትም። በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ሌላ ሙያ ከየት ታመጣለች?

«እማማ ሳቢና፣ አንቺ አበልጁ አይደለሽም እንዴ? ንገሪው እንጂ!» አሏት ጎረቤቶቿ።

«አበልጅን ደጁ ላይ ቆሞ መክሰስ ነውር ነው» አለች። «ባልዲውን ግን እወስድለታለሁ።»

እሑድ በዓሉ ዋለ። ሳቢና ማለዳ ተነስታ ከቱቦው አፍ አጠገብ ካለው ቀርከሃ ለቀመች። የከንቲባው እጅ ወደ አፉ ሲሄድ እይዘዋለሁ ብላ ለራሷ ምላለች። ሰው የመግደል ሐሳብ አልነበራትም፤ ይበላ እንደሆነ ማየት ብቻ ነው የፈለገችው።

ከንቲባው ከእንግዶቹ ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የተጠበሰው አሳማ ግማሹ አልቋል።

«መጣች አበልጄ! ባልዲዋን ይዛ!» አለ።

«መጣሁ፣ አበልጄ። ከቄራው ቱቦ አፍ ሥር የለቀምኩት ነው። ንጹሕ ነው ብለው የለ? ይቅመሱልኝ።»

ከንቲባው አንዱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «አሳማው እኮ አጠገበኝ» አለ እየሳቀ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ጠግበው አያውቁም።»

ይኼኔ ሚስቱ ዶኛ ኤውፌሚያ ከጓዳ ወጣች። የተባባሉትን አልሰማችም። «ውይ ሳቢናዬ፣ ዝንጅብሉ እዚያ ድረስ ሸተተኝ!» ብላ አንድ ዛጎል ፈለቀቀችና ወደ አፏ አስጠጋች። ሳቢና ከንቲባውን አየችው። እሱም ሚስቱን እያየ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ሳቢና የሴትዮዋን እጅ መታችው። ታሆንጉ ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ» አለች ሳቢና። «አይበላም። እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዶኛ ኤውፌሚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ባልታሳር፣ አፌ ድረስ ሲደርስ እያየህ ዝም አልክ?»

«ቱቦው... በጀቱ...»

«በጀትህን ተወው! አትብዪ ማለት በጀት ይፈልጋል?»

እንግዶቹ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። ከንቲባው ፊቱን በመሐረብ ጠረገና «ቱቦውን ወደ ባሕሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

ሳቢና ይህን ሰምታም አላመነችም። የባለሥልጣን ቃል እስከ በዓል ማግስት ያድራል እንዴ? ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ቀርከሃዋን ሊነቅሉ ነው ብላ ተከትላቸው ሮጠች። ሰዎቹ ግን የጫኑት መጋዝ አልነበረም፤ ሲሚንቶ ነበር። ቀርከሃዎቹን አልፈው የቱቦውን አፍ ደፈኑት፤ ቄራውም የፍሳሽ ጉድጓድ እስኪቆፈርለት ተዘጋ። ሳቢና አሸዋው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ሳቀች። እፎይ!

ዓመት ዞሮ በዓሉ ሲመጣ፣ የጤና ጽሕፈት ቤት ታሆንጉን መርምሮ ይበላል ብሎ ነበር። ሳቢና ባልዲዋን ይዛ ሄደች። ዶኛ ኤውፌሚያ የመጀመሪያውን ዛጎል ከፈተችና ባሏ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«መጀመሪያ አንተ» አለችው።

ከንቲባው ቀና ብሎ አበልጁን አያት። ሳቢና ከባልዲው አንድ አውጥታ እያየችው በላችና «ይብሉ እንጂ» አለችው።

በላ። ሁለተኛውን ማንም ሳይሰጠው ራሱ አወጣ።