እንዶድና ጥቁሩ ውሃ

ዱረቲ ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ ነው የምትኖረው። አገሯ ጌዶ ነው፤ እዚህ አምቦ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ሰው አይመጣባት፣ ሰው ቤት አትሄድ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ እንዶድ ስትሸምት አገኘኋትና፣ «ምነው ልጄ፣ ኦሞ ጠፋ እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። የእርሳስ ውስጡ፣ ያ ጥቁሩ፣ ገጽ በገጽ የተደራረበ ነው አለችኝ። ገጾቹን አላቅቀው ዓይን የማያየው ስስ ነገር ያወጣሉ፤ ለባትሪ ምናምን ይሆናል። ብዙው ሰው የሚያላቅቀው መርዘኛ ኬሚካል ውስጥ ነው፤ እሷ ግን ልብስ የምናጥብበትን እንዶድና ጁስ መፍጫ ይዛ ተነስታለች። ጥቁሩን ከእንዶድ ውሃ ጋር ትፈጨዋለች፤ ውሃው ጠቁሮ ሳይዘቅጥ ከቆመ ተሳካላት ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

ሥራውን አብሯት የጀመረው ታምራት ነበር። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ እዚሁ በሬ ላይ፣ «ዱሬ፣ ጥቁሩ ውሃ ሳይዘቅጥ ከሰነበተልሽ ደውዪልኝ፤ በማግስቱ እመጣለሁ» አላት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ለዚያች ስልክ ነው።

ሥራው ግን እምቢ አላት። የተጣራ ውሃ ሲያልቅባት፣ ጋዙ ከወጣለት ምን አለበት ብላ በአምቦ ውሃ ሞከረችው። ጨው አለበታ! ጥቁሩ ተጓጉሎ ታች ቁጭ አለ። «አዴ ባየሽ፣ የገዛ ውሃችን ጉድ ሠራኝ» ብላ በረንዳዬ ላይ አለቀሰች፤ እኔን አዴ የምትለኝ በኦሮምኛ እንደ እናት አክብራ ነው። ከጣሪያዬ ሥር ካለው በርሜል የዝናብ ውሃ ቀዳሁላት፤ አጣርታ በሱ ደገመችው።

ውሃው ከሰነበተ በኋላ ጠርሙሱን ይዛ እየሮጠች መጣች። ጥቁር እንደሆነ ቆሟል፣ ታች ዝቃጭ የለም። እልል አልኩ! እዚያው ቆማ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

«ታሜ፣ እኔ ነኝ! አልዘቀጠም እኮ!»

«እንኳን ደስ አለዎት» አላት። ስብሰባ ላይ ነኝ ብሎ ዘጋው።

አለዎት! በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሲጠጡ የከረሙ ልጆች! «የት አባቱ!» አልኩ።

«ሥራ ይዞት ነው» አለችኝ፤ ጠርሙሱን በልብሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

አንጀቴን በላችው። እኔንም ባሌ ከሞተ ወዲህ አንቺ የሚለኝ ሰው የለም። «ዱሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ በይኝ» አልኳት።

«ኧረ አዴ፣ እንዴት ብዬ? ነውር ነው፤ እርስዎ እኮ እናቴ ነዎት» አለችና ገብታ በሯን ዘጋች።