ያለ ውሃ የሠለጠነው ዋናተኛ

ዛሬ ባሕር ዳር አንድ ጂም ውስጥ አሠልጣኙ በሆዴ አስተኝቶ ገመድ አስጎተተኝ። "ዋናተኞች በደረቅ መሬት የሚለማመዱበት አዲስ መሣሪያ ነው፤ ለሰውነት እንዲመች ተደርጎ የተሠራ" አለኝ በኩራት።

አዲስ? እኛ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ በደርግ ጊዜ ሠርተነዋል!

ያኔ "ወረዳው ዋናተኛ ያቅርብ" የሚል ትእዛዝ መጣ። መዋኛ ገንዳ የለንም፤ እምቢ ማለት ደግሞ አድኃሪ ያስብላል። ስለዚህ አግዳሚ ወንበር አመጣን። ደረት እንዳይጎዳ የአህያ መደላድል አሰርንበት። ክንድ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ ግራና ቀኙን ጠረብነው። በእጅ የሚጎተት ጠፍር አበጅተን ጫፉ ላይ ድንጋይ አንጠለጠልን። (ይህ ሁሉ ሳይንስ መሆኑን የነገረን የለም።)

ጓደኛዬ አዱኛ በሆዱ ተኝቶ ሲቀዝፍ የወረዳው ካድሬ ቆሞ አጨበጨበ።

"ውሃውስ፣ ጓድ?" አልነው።

"በዕቅድ ተይዟል።"

ከዕቅዱ ውድድሩ ቀደመ። አዱኛ ጣና ዳር የመነሻውን ፊሽካ ሲሰማ ዘሎ ገባ፤ በዚያው ቀረ። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ጎትተው ያወጡት።

ካድሬው ከላዩ ቆሞ፣ "ምን ነካህ፣ ጓድ አዱኛ? አብዮቱን አሳፈርከው እኮ!" ብሎ ጮኸ።

አዱኛ የጠጣውን ውሃ ተፋና፣ "እኔማ በደንብ እየቀዘፍኩ ነበር፣ ጓድ። ወንበሩን ከሥሬ የወሰደው ማነው?" አለ።

እናንተንስ በዚያ ዘመን ያለ ምኑ ምን አሠለጠኗችሁ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሳቅ።