የሌላ ሰው ትከሻ

መርሳ ከተማ ፎቶ ቤት የገባሁ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ይማም ካሜራ አላስነኩኝም። ሦስት ወር ሙሉ መጋረጃ ሳራግፍና ጉርድ ፎቶ በመቀስ ስከረክም ከረምሁ። "መጀመሪያ የሚማረው ዓይን ነው" ይሉኝ ነበር። ችኩል ነኝና በሆዴ እርር እል ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሥራችን ሁሉ ፎቶ ማጉላት ሆነ። የሞተ ወታደር ቤተሰብ የመታወቂያ ጉርድ ይዞ ይመጣል፤ ለለቅሶው ትልቅ ፎቶ ይፈልጋል፤ ያውም የደንብ ልብስ የለበሰ። ኮምፒውተሩ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ የወታደር አካል ምስል ነበረን። ከአንገት በላይ ያለውን እየቀየርሁ እሱኑ ለሁሉም አለብሳለሁ። የወረዳችን የሀብሩ ሟቾች ሁሉ ደረታቸው አንድ ነበር። ሰው ይመርቀኛል፤ እኔም ኮራሁ።

አንድ ቀን ከግራና ከተማ የመጡ አጎት የእህታቸውን ልጅ፣ የአሥር አለቃ ደሳለኝን ጉርድ ሰጡኝ። "መርዶው እሁድ ጧት ነው። እናቱ አልሰማችም፤ አደራ" አሉኝ። እሺ አልሁ። አጎላሁት፤ ከሥሩ ሻማ አደረግሁበት፤ ከዚያ እንደ ልማዴ መስኮቱ ላይ ሰቀልሁት። ሥራዬ አምሮኝ አደራውን ረሳሁ፣ ወላሂ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት እናት መስኮቱ ፊት ቆመው ቀሩ። ቆይተው ገቡ።

"ፊቱ የኔ ደሳለኝ ነው" አሉ። "ትከሻው ግን የሱ አይደለም። ልጅ ሳለ ካህያ ወድቆ የሱ ግራው ዘቅዘቅ ይላል። ሌላ ሰው ነው፣ አይደል ልጄ?"

አደራው ያን ጊዜ ታወሰኝ። መርዶ በባዕድ አፍ፣ በሱቅ ደጃፍ አይነገርም።

"መሳይ ነው እማየ። የሌላ ሰው ነው" አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

እሁድ ጧት ሽማግሌዎቹ ሲያረዷቸው፣ "ፎቶ አንሺው ሌላ ሰው ነው ብሎኛል" ብለው አላምን አሉ። እንባ እንኳ አልወጣቸውም። አጎትየው ሰው ላኩብኝ።

ጉርዱን ይዤ ለቅሶ ቤቱ ሄድሁ። ለቀስተኛው ሁሉ እያየኝ እናቱ እግር ሥር ተንበረከክሁ። "እማየ፣ ዋሽቼዎት ነው። ትከሻውን ከኮምፒውተር ነው ያወጣሁት። ፊቱ የደሳለኝ ነው" አልሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጎንበስ ብለው እጄ ላይ ያለውን ጉርድ አዩት።

"ደኅና ነው ብየ፣ መምጫው ደርሷል ብየ፣ ጠላ ጠነሰስሁለት እኮ" አሉ።

ከዚያ ጉርዷን ከእጄ ወስደው ደረታቸው ላይ ለጥፈው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ጉርዱን እንዳለ ነው የማጎላው፤ በሸሚዝ ከሆነ በሸሚዙ፣ ከደበዘዘም እንደ ደበዘዘ። ማዕረጉን ከሥሩ እጽፋለሁ። ለሙያው ልጆች የምለው ይህንኑ ነው፤ ለሞተ ወታደር የሌላ ሰው አካል አትስጡ።