ከላይ እርጥብ፣ ከሥር ዱቄት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ፒቹን በጫማዬ አቋረጥኩት። የሎንዶኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ውስጥ ሦስት ዓመት ወለል ስወለውል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሜዳ ለእኔ ሜዳ ነበር። ከወዲያ ማዶ ያለውን መጥረጊያ አምጣ ተባልኩ፣ በአቋራጭ ሄድኩ። አራት ሰዎች በአንድ ጊዜ ጮኹ። አንደኛው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ነበር፤ ሰው የሞተ መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

ፒች የሚባለው በትልቁ አረንጓዴ ሜዳ መሐል ያለ ጠባብ መደብ ነው። ርዝመቱ ሃያ ሜትር ገደማ ነው፤ ሣሩ እስከ ሥሩ ይላጫል፣ አፈሩ በከባድ ሮለር ይጠቀጠቃል። ክሪኬት ሲጫወቱ ቦውለሩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ ኳሷን እዚያ ላይ አንጥሮ ወደ መቺው ይልካል። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ኳሷ አንድ ነገር ትሆናለች፣ እርጥብ ከሆነ ሌላ። የእኛ ሥራ ያንን አፈር ማዘጋጀት ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን የመንገድ ሥራ ሠራሁበት።

ዋናው የሜዳ ኃላፊ ዴሪክ ቀስ ብለው መጡ። የጫማ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ዘጠኝ ነው አልኳቸው።

«ዘጠኝ ቁጥር ለማጥፋት ግማሽ ቀን ሮለር እነዳለሁ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ና፣ አብረኸኝ ትነዳለህ» አሉኝ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር። ስድስት ሰዓት ያሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና በማግስቱ ንጋት፣ በእኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስኩ።

እንግሊዞች አለቃቸውን በስሙ ይጠራሉ። እኔ ግን አባቴ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰው «ዴሪክ» ብዬ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ፤ አንድ ዓመት ሙሉ «ሚስተር ዴሪክ» ስላቸው ኖርኩ። ሌሎቹ ሳቁብኝ። እሳቸውም ማረም ሰለቻቸውና ተውኝ፣ በኋላ ግን አፌ ራሱ ለመደ።

ማዕረግ እዚህም አለ። መጀመሪያ ዝናብ ሲመጣ ሸራ እየጎተትክ ፒቹን ትሸፍናለህ። ከዚያ መጥረጊያ፣ ከዚያ ሣር ማጨጃ፣ ከዚያ ሮለር ይሰጥሃል። ውሃ የማጠጣት ሥልጣን የመጨረሻው ነው፤ ስንት ውሃ እንደሚጠጣ የሚወስነው ዋናው ወይም ምክትሉ ብቻ ነው። እኔ ምክትል ለመሆን አሥራ አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ይህን ሥራ የሚያመርረው ድካሙ አይደለም፣ ጠያቂው ነው። ትልቅ ጨዋታ ሲደርስ ሰው ሁሉ የአፈር ሊቅ ይሆናል። የቴሌቪዥኑ ሰው ተንበርክኮ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ካፒቴኑ በመኪና ቁልፉ ይወጋል። ሻይ አቅራቢዋ ሳትቀር «ዘንድሮ ደረቅ ይመስላል» ትላለች። ጫን ጫን አድርገው ይሄዱና በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ሦስት ዓይነት ፒች ይወጣል። እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው።

ካሌዶኒያን ሮድ በሚባለው የሎንዶን ጎዳና ያለው ካፌ ውስጥ ደግሞ መኩሪያ አለ፣ ሚኒካብ የሚባለውን ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ።

«አንተ፣ አምስት ቀን ሙሉ ተጫውተው አቻ ይወጣሉ አይደል?»

«አንዳንዴ።»

«አምስት ቀን! ኧረ በስመ አብ! ሰዎቹ ሥራ የላቸውም? ለማንኛውም ትናንት በስልኬ ቼክ አድርጌያለሁ፤ ስፒነር አስገቡ በልልኝ።»

ስፒነር የሚባለው ምን ዓይነት ወርዋሪ እንደሆነ አያውቅም። አስገቡ ግን ይላል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ቴስት የሚባለው በሁለት አገሮች መካከል የሚደረገው የአምስት ቀን ጨዋታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተከታታይ ሆኖ በተለያዩ ከተሞች ይካሄዳል። ምክትል በሆንኩ በሦስተኛው ዓመት በጋ ተከታታዩ እኩል ለእኩል ሆኖ የመጨረሻው ጨዋታ እኛ ሜዳ ላይ ደረሰ። ለዴሪክም የመጨረሻቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጡረታ ይወጣሉ።

ለቡድኑ አሥራ ሦስት ሰዎች ተጠሩ። የሚሰለፉት አሥራ አንድ ናቸው። ሦስቱ ፈጣን ቦውለሮች እንደሚገቡ ሁሉም ያውቃል፤ ከሦስቱ ግን አንጋፋው ጉልበቱ ያመዋል። ለአራተኛው ቦውለር ቦታ ሁለት ሰዎች ቀሩ፤ አንድ ረጅም ፈጣን ወጣት እና ናቪድ።

ናቪድ ስፒነር ነው። ስፒነር ኳሷን በፍጥነት አይወረውርም፤ በጣቶቹ አሹሮ ይለቃታል፣ መሬት ስትነካ ትታጠፋለች። እንድትታጠፍ ግን ደረቅና የሚፈረፈር አፈር ያስፈልጋታል። አሥራ አንድ ዓመት ለእኛው ክለብ ሲጫወት ከአንድ ቀን በስተቀር አገሩ ጠርቶት አያውቅም፤ ያቺም ቀን ይህች ናት። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነበር። ጠዋት ጠዋት ሮለሩን ሳቆም አጠገቤ ቁጢጥ ይልና «ዛሬ አፈሯ ምን ትላለች?» ይለኛል። ጠይቆ መልሱን የሚሰማ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ስሙ በተጠራ ቀን የእናቱን ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ወደ መሣሪያ ቤታችን መጣ። «እዚህ ሜዳ ላይ ካልገባሁ ሌላ ቦታ አይጠሩኝም» አለ። እውነቱን ነበር።

ክርክሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲፋጅ ሰነበተ። አራት ፈጣን ይሁን የሚለው ወገን ደመናውን ያሳያል። ስፒነር ይግባ የሚለው የአንጋፋውን ጉልበት ያነሳል፤ እሱ ቢያነክስ በአምስተኛው ቀን ማን ይወረውራል? መራጮቹ እኛ ቆመን እየሰማን ይጨቃጨቁ ነበር፣ መጥረጊያ የያዘ ሰው ጆሮ የሌለው ይመስል። እኔ በየቀኑ እበግን ነበር። የምትከራከሩበት ነገር እኮ እግራችሁ ሥር ነው፣ ቆፍራችሁ እዩት!

ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን ጠዋት እኔው ቆፈርኩ። የአፈር ናሙና የሚወጣበት የብረት ቱቦ አለን፤ በመዶሻ መትቼ ከፒቹ ጠርዝ የመዳፍ ያህል ጥልቀት ያለው አፈር አወጣሁ። ከላይ ሁለት ጣት ያህሉ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ከሥር ያለው ሳፈስሰው እንደ በሶ ተበተነ። ሙቀቱ ከሥር አድርቆታል፣ ያጠጣነው ውሃ አልደረሰም። ለሁለት ቀን ይይዛል፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ይፈርሳል። ቀዳዳውን ደፈንኩ፣ ናሙናውን በጋዜጣ ጠቅልዬ መሣሪያ ቤት አስቀመጥኩ።

ዴሪክ ጋዜጠኞች ስለ ጡረታቸው እየጠየቋቸው ነበርና አላገኘኋቸውም። ሲመለሱ አሳያቸዋለሁ አልኩ። ከእኔ በፊት ግን አሠልጣኙ፣ ካፒቴኑና ዋናው መራጭ አገኟቸው፤ ፒቹ ዳር አቁመዋቸው ደረስኩ።

«ዴሪክ፣ በአጭሩ ንገረኝ። ይፈርሳል ወይስ ይይዛል?» አለ አሠልጣኙ።

ዴሪክ ጎንበስ ብለው በጣታቸው አንኳኩ። በቁልፋቸው ወጉት፤ ያ እርጥብ ሁለት ጣት ቁልፉን ያዘው። «አምስቱንም ቀን ይይዛል። እዚህ ላይ ለስፒነር የሚሆን ነገር የለም» አሉ።

አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ? ሐሳባችሁ አንድ ነው?»

ዴሪክን አየኋቸው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ አፈር ላይ የኖሩ፣ ሥራ ያስተማሩኝ፣ ነገ የመጨረሻ ጨዋታቸውን የሚጀምሩ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፊት «ተሳስተዋል» ልበላቸው? ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም፤ እኔ ያደግሁት እንደዚያ ነው። ጎን ጠርተህ ቀስ ብለህ ትነግረዋለህ፣ እሱ ራሱ ያሰበው አስመስሎ ይመልሰዋል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

«ዴሪክ እንዳሉት ነው» አልኩ።

ሰዎቹ አመስግነው ሄዱ። ዴሪክ ወደ መሣሪያ ቤት ሲገቡ ተከትያቸው ገባሁና ጋዜጣውን ፈታሁላቸው። አፈሩን በጣታቸው ነክተው እየተፈረፈረ ሲወርድ አዩት። ፊታቸው ተለወጠ።

«መቼ አወጣኸው?»

«ጠዋት።»

«ከእነሱ በፊት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«በእነሱ ፊት እርስዎን...»

«ስለ እኔ አይደለም የጠየቁህ!» ብለው ጮኹ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ሲጮኹብኝ የመጀመሪያቸው ነበር። «ስለ ፒቹ ነው የጠየቁህ!»

እዚያው ቆመው ለአሠልጣኙ ደወሉ። እኔም የሚመልሰውን እሰማ ነበር።

«ዴሪክ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ይይዛል አልከኝ። አሁን ይፈርሳል ትለኛለህ። ነገስ ምን ልትለኝ ነው?»

«አሁን ያልኩህ ትክክለኛው ነው። ናሙናው እጄ ላይ ነው።»

«ለተጫዋቾቹ ነግሬያለሁ። ናቪድን ክለቡ ሌላ ከተማ ወደሚጫወትበት መልሼዋለሁ፤ ባቡር ላይ ነው። በሁለት አፍ ቡድን አልሠራም» ብሎ ዘጋ።

በዚያን ቀን በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ባቡር ተመልሶ ይመጣል! ጨዋታው የሚጀምረው ነገ ነው! አንድ ጊዜ የተናገረውን ላለመለወጥ ብሎ አገሩን የሚያስሸንፍ አሠልጣኝ አየሁ ብዬ ስበሳጭ ቆየሁና፣ አንድ ጊዜ ያልተናገርኩትን ሳስብ አፌን ያዝኩ።

ጨዋታው እንደ ናሙናው ሄደ። ሁለት ቀን ፈጣኖቹ ጥሩ ወረወሩ፤ አስተያየት ሰጪዎቹም ዴሪክን አሞገሱ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኳሷ በነጠረች ቁጥር አቧራ መነሳት ጀመረ። በአራተኛው ቀን የእንግዳው ቡድን ስፒነር የእኛን መቺዎች አንድ በአንድ ከሜዳ ሸኛቸው። በአምስተኛው ቀን ተራው የእኛ ቦውለሮች ሲሆን አንጋፋው አነከሰ፣ ሦስቱ ጎረምሶች ደረቅ አፈር ላይ ያለ ውጤት ሲሮጡ ዋሉ። በመጨረሻ ካፒቴኑ ስፒን ሞክሮ የማያውቅ መቺ አስወረወረ። እኔ ሸራው ላይ ተቀምጬ ሳይ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። ተሸነፍን፤ ተከታታዩም አብሮ ሄደ።

በማግስቱ ጋዜጦቹ ዴሪክን «የራሱን አፈር የማያውቅ የሜዳ ኃላፊ» አሏቸው። አሠልጣኙ «የተሰጠንን መረጃ ተከትለን ነው» አለ። ዴሪክ ለማንም መልስ አልሰጡም፤ ስሜንም አልጠሩም። በሽኝታቸው ዕለት ጨበጡኝና የውሃ ማጠጫውን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ። ያንን ጉዳይ ዳግመኛ አላነሱትም፣ እኔም አላነሳሁም። ዋና ኃላፊ የሆንኩት በዚህ መንገድ ነው።

ናቪድ ከዚያ በኋላ ለአገሩ አልተጠራም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ወጣት ስፒነር መጣ፤ መራጮቹ የናቪድን ዕድሜ ማየት ጀመሩ። እሱም ለክለባችን ሁለት ዓመት ተጫውቶ አቆመ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ፣ ናቪድ ለአንድ ክለብ ስፒነሮች አሠልጣኝ ሆኖ ሜዳችን መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። ፒቹ ዳር አብረን ቆምን። ዓመታት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ነገር ነገርኩት፤ ናሙናውን፣ ጋዜጣውን፣ አሠልጣኙ ዞሮ እንደጠየቀኝ፣ የመለስኩትን። ይቅርታ ጠየቅኩት።

ቁጢጥ ብሎ አፈሩን በጣቱ ነካ። ከዚያ «ስንት ጣት ነበር እርጥቡ?» አለኝ።

«ሁለት።»

«ሁለት» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ተቆጣ፤ ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። «ለምን አሁን ነገርከኝ? እስከ ዛሬ ያልተሰለፍኩት ስለማልበቃ ነው ብዬ አምኜ ተቀብዬው ነበር። ቤቴ ሄጄ ምን ላድርገው ይሄን?»

 ደህና ሁንም ሳይለኝ ወደ ልጆቹ ልምምድ ሄደ።

ከእኔ በኋላ ሮለሩን ለምትነዱት ለእናንተ የምለው ይህን ብቻ ነው። ያያችሁትን የምትናገሩት ስትጠየቁ፣ በተጠየቃችሁበት ቦታ፣ ፊታችሁ የቆመው ሰው ማንም ይሁን ማን። በኋላ ለብቻ የሚነገር እውነት የሚያቀልለው ተናጋሪውን ብቻ ነው።